አናጢው ያልጠጣው መጠጥ

አናጢው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከደረጃው ግርጌ ሞቶ ሲገኝ ጂን ጂን ይሸት ነበር፤ አጠገቡም ባዶ ጠርሙስ ወድቋል። ለሚስቱ የደወለላት ፖሊስም ይህንን አልደበቃትም። እሷም «እርግጠኛ ናችሁ?» እንኳ ሳትል፣ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶቿ እየሰሙ፣ «ድሮስ ከሱ ምን ይጠበቃል!» አለች።

አሁን ግን በሻርፗ ፊቷን ሸፍና አዳራሹ በር ላይ ቆማለች። አዳራሹ ቅዳሜ ቅዳሜ መጠጥ ለመተው የቆረጡ ሰዎች ክብ ሠርተው የሚነጋገሩበት ቤት ነው። አናጢው ቦታውን ያወቀው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈች ማስታወቂያ ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን በሩ ድረስ ይመጣና የሚያውቀው ሰው ያየው እየመሰለው እንደ መንገደኛ ያልፍ ነበር። ለሰፈሩ «የንድፍ ትምህርት ጀምሯል» የተባለው ሚስቱ በፈጠረችው ውሸት ነው።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር አጭር፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የሟቹን ኮት አንስታ መጀመሪያ ደረቱን፣ ቀጥላ ጀርባውን አሸተተች። ከዚያ ጣቶቿን በመሐረብ ጠረገች።

«ባለቤትዎ መጠጥ ከተዉ ወዲህ ቤት ውስጥ ሸትተው ያውቃሉ?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ጠጣ ሲሉዎት ለምን አመኑ?»

ሚስቲቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መርማሪዋም «እሳቸውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ አጠገቤ ሆነው ይስሙ» አለቻትና በዚያ ቀን ከሟቹ ጋር በስብሰባው የነበሩትን ሦስት ሰዎች፣ አንድ ሹፌር፣ አንዲት ነርስና የስብሰባውን መሪ፣ አንድ በአንድ ወደ ጓዳው አስጠራች።

መጀመሪያ ሹፌሩ ገባ።

«በእረፍታችን ሰዓት በኋላ በር ስወጣ በደረቱ ተደፍቶ አገኘሁት። ደንግጬ ሌላ ምንም ልብ ሳልል ትከሻውን ይዤ ገለበጥኩትና ሰው ተጣራሁ።»

«ለፖሊሶቹ የሐሰት ስም የሰጠኸውስ?»

ሹፌሩ አቀረቀረ። «የተማሪ ሰርቪስ ነው የምነዳው። እዚህ እንደምመጣ ከተሰማ እንጀራዬ አለቀ።»

ቀጥላ ነርሷ ገባች።

«እኔና መሪያችን ጋሼ አብረን ነው የደረስነው። በጀርባው ተኝቶ ነበር። አፌን አፉ ላይ ገጥሜ ትንፋሽ ልሰጠው ሞከርኩ።»

«አፉ ይሸት ነበር?»

ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች። «አይሸትም ነበር።»

«ይህን ያህል ነገር ውጠሽ ዝም አልሽ?»

«በቅርቡ እኔ ራሴ ተሸንፌ ጠጥቻለሁ። እሱ አልጠጣም ካልኩ ጠርሙሱ የማን ነው ይባላል። ‹የሷ ነው› እንዳይባል ፈራሁ።»

በመጨረሻ የስብሰባው መሪ ገቡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ቅርንፉድ እያኘኩ የሚስቲቱን ትከሻ ዳበሱ።

«አይዞሽ ልጄ። ይህ መንገድ አልጋ በአልጋ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ጀርባው በመጠጥ ርሶ ሳየው አንጀቴ ነው የተቃጠለው» አሉ።

ሚስቲቱ እጃቸውን ስማ አመሰገነቻቸው።

መርማሪዋ ግን ወዲያው ተነሥታ ሦስቱንም በየወንበራቸው ላይ፣ በክቡ ውስጥ፣ አስቀመጠቻቸው።

«አናጢው አልጠጣም» ብላ ጀመረች። «አፉ አይሸትም። የኮቱ ደረት ደረቅ ነው፣ ጀርባው ግን ርሷል። የሚጠጣ ሰው ጀርባው ላይ አያፈስም። ስለዚህ ሟቹ ተደፍቶ ሳለ ሌላ ሰው ከበላዩ ቆሞ አፍስሶበታል። ሹፌሩ ከገለበጠው በኋላ ጀርባውን ያየ የለም። ፖሊስ ሬሳውን ሲያነሣም ሦስታችሁም እዚህ ውስጥ ነበራችሁ።» ወደ ጋሼ ዞረች። «እርስዎ ግን ጀርባው ርሶ አየሁ አሉኝ። መቼ አዩት?»

«እ... ሹፌሩ ነግሮኝ ይሆናላ።»

«እኔ?» አለ ሹፌሩ። «መርጠቡን ገና አሁን መስማቴ ነው!»

«ቅርንፉዱስ ምን ሊሸፍን ነው ጋሼ?» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

ሽማግሌው ማኘካቸውን አቆሙ።

«ስንቱን ዓመት እዚህ ተቀምጬ ‹ድኛለሁ› ስል ኖርኩ» አሉ ወለሉን እያዩ። «ከተመለስኩበት ግን ቆየሁ። ጠርሙሱን ከበሩ ውጭ፣ የውሃ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ነበር የምደብቀው። ዛሬ ተከትሎኝ ወጣና ያዘብኝ። ስንጓተት ከደረጃው ላይ ገፋሁት። ወድቆ መንቀሳቀስ ሲያቅተው... ሰው ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ‹ጋሼ ጠጣ› ከሚባል ‹እሱ ጠጣ› ቢባል ይሻላል ብዬ የቀረውን አፈሰስኩበት።»

ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሚስቲቱ ወደ ሽማግሌው ቀርባ፣ «ከመውደቁ በፊት ምን አለዎት?» ስትል ጠየቀች።

ጋሼ ቅርንፉዱን ከአፋቸው አውጥተው መለሱ።

«‹ጋሼ፣ እኔ ለማንም አልናገርም፤ ብቻ ጠርሙሱን ይስጡኝ› ነው ያለኝ።»

«ለማንም አልናገርም አለ?»

«አዎ።»

«እሱ የባዕድ ሰው ገመና ሊሸፍን ነበር» አለች ሚስቲቱ። «እኔ ሚስቱ ግን በጎረቤት ፊት...»

ነርሷ ልትደግፋት ብትነሣም እጇን ገፋ አድርጋ ብቻዋን ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀና ብሎ ሊያያት የደፈረ አልነበረም።