ባሮክ ያላሳረፈው አውሮፕላን

የፈጠራ ወሬ የሚመስለው ካለ እዚሁ ላይ ያቁም፤ አልቀየመውም። ይሄ የደረሰው በእኔው ላይ ነው። ስም እንኳ አልቀየርኩም፤ የምደብቀው ነገር ስላልቀረኝ።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ... ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ የሥልጠና ማዕከል ውስጥ።

ሳምራ እባላለሁ። ሲሙሌተር የሚባለውን መሣሪያ የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። የአውሮፕላን ማረፊያ ማማ ላይ ቆማችሁ በመስኮት የምታዩትን ሁሉ በትልልቅ ስክሪን ያሳያል። ማኮብኮቢያውን፣ ሰማዩን፣ የሚመጣውን አውሮፕላን። ሠልጣኙ የእውነት አውሮፕላን የሚያሳርፍ ይመስለዋል።

አብራሪውም የውሸት ነው። ከጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ይዞ እንደ አብራሪ የሚያወራ ሰው ይቀመጣል።

ያ ሰው ታናሽ ወንድሜ ባሮክ ነበር።

ሥራውን ያገኘሁለት እኔ ነኝ። እናታችን ከበዴሳ ስትልከው "አደራሽን፣ ከእሱ ሌላ ወንድ ልጅ የለኝም" ብላኛለች። እኔም እሺ ብያለሁ።

አንድ ሕግ አለን። በሬዲዮ የሚነገር ነገር ሁሉ "ልምምድ ነው" ተብሎ ይጀመራል። ይህን ሳይል የሚናገር ሰው ካለ ግን... ነገሩ የእውነት ነው ማለት ነው። ሁሉም ነገር ወዲያው ይቆማል።

የዚያን ቀን የምንለማመደው የአሸባሪዎችን ጠለፋ ነበር። የታጠቁ ሰዎች አውሮፕላን ይጠልፋሉ፤ ማማው ይደራደራል፤ አምቡላንሶች ይሰለፋሉ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ የተሳፋሪ ቤተሰቦች እያለቀሱ ይጠብቃሉ።

ጣጣው የመጣው ከቤተሰቦቹ ነው።

ቤተሰብ እንዲሆኑ የተጠሩት የመዘምራን ልጆች አልቅሱ ሲባሉ ይስቃሉ። ልምምዱን ሊመሩ ከአዲስ አበባ የመጡት አቶ ተሻገር ቱግ አሉ።

"እዚህ አገር የሚያለቅስ ሰው ጠፋ?"

ሾፌሩ ቦዲቲ ሄዶ እማማ ጥሩነሽን ይዞ መጣ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የሟቹን ስም፣ አባቱን፣ ጎሳውን እየጠሩ ሕዝቡን የሚያስለቅሱ ሴቶች አሉ። እማማ ጥሩነሽ ሲጀምሩ ደረቅ ዓይን አይቀርም ይባላል።

ግቢው መሀል ቆመው ዙሪያውን አዩ።

"ሬሳው የታል?"

"የለም፣ እማማ። ልምምድ ነው" አልኩ።

"ለቅሶ ልምምድ አለው እንዴ?"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሺ... ስም ስጡኝ። ስም የሌለው ሰው አይለቀስም።"

ባሮክ በሩ ላይ ተደግፎ ሻዩን ይጠጣ ነበር።

"የእኔን ይጥሩ፣ እማማ። አብራሪው እኔ ነኝ።"

"ተው ልጄ። ቁሞ የሚሄድ ሰው ስም አልጠራም። ሟርት ነው።"

"እኛ የጌታ ልጆች ነን። ሟርት አይዘንም" ብሎ ሳቀ። የአባታችንን ስም ነገራቸው። ጎሳችን ማላ መሆኑን ነገራቸው። የአያታችንን ስም እንኳ አልተወም።

እኔም ሳቅኩ። አቶ ተሻገር ከጠዋት ጀምሮ ሲያናድዱኝ ውለዋል፤ የምፈልገው ቶሎ አልቆ ቤቴ መግባት ብቻ ነበር።

እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

"እናንተ ናችሁ ያላችሁኝ" አሉ።

ባሮክ ወደ ጠባቧ ክፍል፣ እኛ ስክሪኖቹ ወዳሉበት የማማ ክፍል ገባን፤ ልምምዱ ተጀመረ።

"ልምምድ ነው። ማማ፣ ተጠልፈናል። ለማረፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ።" የባሮክ ድምፅ ነው፤ ሳቁን እንደዋጠ ያስታውቃል።

"ልምምድ ነው። ማኮብኮቢያው ዝግ ነው። አየር ላይ ይቆዩ" አለ ሠልጣኙ በድሉ። መመሪያው እንዲህ ይላል፤ ጠላፊዎቹ እጅ እስኪሰጡ የእሳት አደጋ መኪኖች ማኮብኮቢያውን ይዘጋሉ።

ያኔ ግድግዳውን አልፎ የእማማ ጥሩነሽ ድምፅ መጣ።

ባሮክ... እያሉ ነበር። ባሮክ፣ የማላው ልጅ...

የመዘምራኑ ሳቅ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እነሱም ማልቀስ ጀመሩ። የማስመሰል አልነበረም።

"ማማ... ነዳጅ እያለቀብኝ ነው።"

"ልምምድ ነው" አላለም።

በድሉ ዞሮ አየኝ።

"ረስቶት ነው" አልኩ።

ከድምፁ ኋላ የሞተር ጩኸት ነበር። ባሮክ ያለባት ክፍል ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ ማይክሮፎን እንጂ ሞተር የለም።

ስክሪኑን አየሁ። የአየሩን ሁኔታ ጥርት ያለ አድርጌ ነበር የሞላሁት። አሁን ግን ከዳሞታ በኩል ጉም እየወረደ ነበር... ቀስ እያለ፣ ማኮብኮቢያውን ከጫፉ ጀምሮ እየሸፈነ።

"ማማ፣ ማኮብኮቢያውን ክፈቱልኝ። እባካችሁ።"

"ሕጉ፣ አቶ ተሻገር... እናቁመው" አልኩ በሹክሹክታ።

"ምን ነካሽ? ልጁ እኮ ጎበዝ ነው! ይቀጥል።"

በድሉ መመሪያውን ይዞ ቀጠለ። 

"የታጠቁት ሰዎች ምን ይላሉ?"



"የታጠቀ ሰው የለም" አለ ባሮክ። "ሁሉም ቁጭ ብለዋል። እያለቀሱ ነው... ስሜን እየጠሩ።"

 ማቆሚያውን ተጫንኩት።

ስክሪኖቹ ጠቆሩ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው...

"ሳምራ? ለምን አጠፋችሁት? ምንም አይታየኝም።"

መሣሪያው ጠፍቷል። መብራቱ ሳይቀር ጠፍቷል።

"ሳምራ፣ ምድሩ የት ሄደ?"

ወደ ኋላ ክፍል ሮጥኩ። ባሮክ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ ይተነፍሳል። ከንፈሩ ግን አይንቀሳቀስም።

ከማማው ክፍል ደግሞ ድምፁ እየጠራኝ ነበር።

ወዘወዝኩት። በጥፊ መታሁት። እጁ ከጭኑ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ መልሶ አላነሳውም። ማዳመጫውን ከራሱ ላይ ነጠቅኩ... ድምፁ አልቆመም።

ወደ ግቢው ወጣሁ። እማማ ጥሩነሽ ለቅሷቸውን ጨርሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ይመልሱልኝ። ስሙን ይመልሱልኝ።"

የእማማ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም።

"አንተ ልጅ" አሉኝ። "ስም የሰጣችሁኝ እናንተ። እኔ ማስለቀስ ነው የማውቀው። መመለስ ማንም አላስተማረኝም።"

እያለቀሱ ነበር የሚያወሩት። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ተመልሼ መሣሪያውን አበራሁት። የእሳት አደጋ መኪኖቹን ከማኮብኮቢያው ላይ አነሳሁ። በድሉ ማይክሮፎኑን ሰጠኝና ከክፍሉ ወጣ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አላየሁትም። አቶ ተሻገር ግድግዳውን ተደግፈው "ጎበዝ ነው... ጎበዝ ልጅ ነው" ይላሉ፤ ለማን እንደሚሉ እንጃ።

"ባሮክ፣ ክፍት ነው። ውረድ።"

"አየሁት" አለ። ደስታው ልቤን ሰበረው። "እየወረድኩ ነው... እየወረድኩ... ሳምራ፣ ይርቀኛል። ስወርድ ይርቀኛል።"

እስከ ምሽት ሞከርን። ከዚያ በኋላም ስንት ቀን እንደሞከርን አልናገርም።

ባሮክ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙበትም። እናታችን ከበዴሳ መጥታ አልጋው አጠገብ ትውላለች፤ ገንፎ ትሠራለች፣ እሱ አይውጥም፣ ትደፋዋለች፣ በነጋታው ደግማ ትሠራለች። እውነቱን አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

እኔ እዚህ ነኝ። ማዕከሉ ሥልጠናውን አቁሞ አዳራሹን ትቶታል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። መሣሪያውን አላጠፋውም። በሶዶ መብራት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ባለችው ጊዜ ውስጥ ወንድሜ በጨለማ ይጮሃል። ያንን ጩኸት ለጠላቴም አልመኝም።

ነዳጁ አያልቅም። "እያለቀብኝ ነው" ይላል፤ አያልቅም። አያርፍም፣ አይወድቅም። በየቀኑ ድምፁ ይደክማል። በቀደም ዕለት "ሳምራ፣ አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ከማን ጋር?"

"ከሚያለቅሱት።"

አይደለሁም አልኩት። እያለቀስኩ ነበር ያልኩት።

እንዲሞትልኝ የጸለይኩበት ቀን አለ። ይኸው፣ ተናገርኩት። ጸሎቱም አልተሰማም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለ።

ማኮብኮቢያው ዳር ነጭ ነገር ታየኝ። ተጠጋሁ።

ድንኳን ነው።

ይሄ ፕሮግራም ድንኳን የለውም። ሰውም የለውም። መኪናና አውሮፕላን እንጂ አንድ ሰው እንኳ አልተሠራለትም፤ እያንዳንዱን ሥዕል አውቀዋለሁ። ድንኳኑ ሥር ግን ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ወደ ሰማይ አይደለም የሚያዩት። ወደ ማማው ነው... ወደ እኔ።

ፊት ለፊት የተቀመጠችው እናቴ ናት።

ደወልኩላት።

"እማዬ... የት ነሽ?"

"የት እሆናለሁ? ባሮክ ጋ ነኝ።"

ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

"እማዬ፣ ሆስፒታል ነሽ አይደል? ንገሪኝ።"

"ምን ያስቆይሻል ልጄ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሰው ሁሉ መጥቷል። ቦታ ይዘንልሻል።"

ስክሪኑ ላይ ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።