የሼፍ ወልደጻድቅ እንግዳ

አብዲቃድር ድሬዳዋ የመጣው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። የጅቡቲ ልጅ ነው፤ የሚማረው ግን ፈረንሳይ አገር፣ ማርሴይ ነው። ትምህርቱ የወደብና የጭነት ሥራ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ከማስመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ሌላ አገር ልኮ ያሠራል። ጓደኞቹ እንግሊዝንና ስፔንን ሲመርጡ እሱ አያቱ ያሉበትን ከተማ መረጠ። በ1978 ዓ.ም. መስቀል እንዳለፈ፣ ከደንገጎ ወዲያ ተራራው ላይ ያለው የግብርና ዩኒቨርሲቲ ድሬዳዋ ውስጥ በከፈተው የዕቃ ማስተላለፊያ ቢሮ ወንበር ተሰጠው።

ወንበሩ የተቀመጠው ከየኔነሽ ወልደጻድቅ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነበር።

የኔነሽ በዚያ ቢሮ ጸሐፊም ጉዳይ አስፈጻሚም ናት። ከጅቡቲ ወደብ በባቡር የሚመጣውን የዩኒቨርሲቲውን ዕቃ፣ መጽሐፉንም፣ የላቦራቶሪ ጠርሙሱንም፣ የትራክተር መለዋወጫውንም ከጉምሩክ አስለቅቃ ወደ ተራራው የምትልከው እሷ ነች። ረጋ ያለች፣ ሥራዋን የምታውቅ፣ ሳቅ ሲይዛት ግን አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ የምትስቅ ልጅ ነበረች።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ይኸው ሳቅ ጉድ ሊያደርጋት ነበር። አብዲቃድር የሚያውቀው አማርኛ በልጅነቱ የድሬዳዋ አሮጌ ሠፈር መጋላ አያቱ ዘንድ እየመጣ ሲከርም የለቀመውን ነው። ሴት አያቱ አዴ ዳሃቦ ሶማሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። የቢሮው ኃላፊ ጓድ ጉግሳ ሲገቡ ልጁ ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣

«ጓድ ጉግሳ፣ ደህና አደርሽ?» አላቸው።

ጓድ ጉግሳ ባለ ሪዝ፣ ግዙፍ ሰው ናቸው። ቆም ብለው ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ደህና፤ አንቺስ?» አሉና ወደ ክፍላቸው አለፉ።

የኔነሽ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች። አብዲቃድር ግራ ገብቶት፣

«ምን አጠፋሁ?» አለ።

«ምንም። ጓድ ጉግሳን ቀሚስ አለበስካቸው እንጂ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አማርኛ ታስተምረው ጀመር። ለሴት እንዲህ፣ ለወንድ እንዲህ፣ ለምናከብረው ሰው ደግሞ «እርስዎ» ይባላል እያለች።

እሱም ያመጣላት ነገር ነበር። የጭነት ወረቀቶቹ የሚመጡት በፈረንሳይኛ ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት የኔነሽ የከበዳትን ወረቀት ወደ ቤት ይዛ ትሄድና ለአባቷ ታስነብብ ነበር። አቶ ወልደጻድቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር አለቃ ሆነው የሠሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰው ሁሉ በፈረንሳይኛው «ሼፍ»፣ አለቃ፣ ይላቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ክፍሉ የሚባለው ወንድ ልጃቸው ለውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። በዚያ ዝም ባለ ቤት ውስጥ ሼፍን ሼፍ የሚያደርጋቸው ያ ወረቀት ነበር።

«ዛሬም ወረቀት የለም?» ብለው ጠየቋት አንድ ምሽት።

«ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ተለማማጅ መጥቶልናል፣ አባባ።»

«ጥሩ ነው፤ ተገላገልሽ» አሉና ያወጡትን መነጽር ወደ ኪሳቸው መለሱት። የኔነሽ ልቧ ተነካ። በማግስቱ አብዲቃድርን፣

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ና። ከአባቴ ጋር ፈረንሳይኛ ታወራለህ» አለችው።

ቅዳሜ መጣ። ሼፍ በረንዳው ላይ ተቀምጠው «ቦንዡር» አሉት፤ ልጁም መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ የኔነሽን ያስታወሳት አልነበረም። ስለ ሐዲዱ ድልድዮች፣ በመስመሩ ላይ ስላለው የአይሻ ጣቢያ ሙቀት፣ ውሃ ሲያልቅ መንገድ ላይ ስለሚቆመው የድሮ ባቡር አወሩ። ሼፍ ይስቃሉ። አባቷ ሲስቁ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው። በሩ ላይ ቆማ የእሳቸውን ፊት ስታይ ቆየችና፣ ቀጥሎ ያሳቃቸውን ሰው ማየት ጀመረች። ቀጭን ነው። ሽማግሌ ሲያዳምጥ ዓይኑን አይነቅልም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሼፍ ሆነ። ዳማ ይጫወታሉ፤ ሼፍ ሲሸነፉ በፈረንሳይኛ ይሳደባሉ። ሌላው ቀን ግን የሁለቱ ልጆች ነበር። ከባቡሩ መጋዘን ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ ቢሮ በከዚራ ሠፈር ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ይሄዳሉ። አንዳንድ ጊዜ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግረው መጋላ ይዘልቁና ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝተው እየበሉ፣ ጣታቸው በማር ተጣብቆ ይመለሳሉ። ብዙ አያወሩም ነበር። ዝም ማለቱ የማያስፈራበት ሰው ማግኘት ለሁለቱም አዲስ ነገር ሆነባቸው።

ሚያዝያ ላይ፣ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ቤቱ በዘጋችበት የቀትር ሰዓት፣ የጉምሩክ ሹሙ ከምሳ እስኪመለስ መጋዘኑ ጥግ ጥላ ይዘው ተቀምጠው ሳለ አብዲቃድር አንገቱን አቀርቅሮ፣

«የኔነሽ፣ እኔ እወድዎታለሁ» አለ።

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ሳቋ መጣ፤ ግን ፊቱን ስታየው እጇን ከአፏ ላይ አወረደች።

«እንደሱ የሚባለው ለጳጳስ ነው» አለችው ቀስ ብላ።

«ለምናከብረው ሰው ነው ብለሽኛል።»

«ብዬሃለሁ። ለሚወዱት ሰው ግን አንቺ ነው።»

«እንግዲያው አንቺን» አለ።

ሹሙ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ከሩቅ ብቅ ሲል ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና፣ ፊቷን ሳትመልስ «እኔም አንተን» አለችው።

ከአባቷ የምትደብቀው ነገር ኖሯት አያውቅም። በዚያው ሳምንት ነገረቻቸው። ሼፍ የያዙትን ጋዜጣ አጥፈው አስቀመጡት።

«እስላም ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«የሌላ አገር ሰው ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ የማታውቂው ምኑን ነው?»

«ያለ እሱ እንዴት እንደምኖር ነው፣ አባባ።»

ሼፍ ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም። «ዕድሜዬን ሙሉ ለባቡር ፊሽካ ስነፋ ኖሬያለሁ። ስንቱን ልጅ ከእናቱ እቅፍ ለይቼ ወሰድኩ። ክፍሉንም በዚያው ሐዲድ ሸኘሁት። አንቺን ግን አልሸኝም። ልጁን እወደዋለሁ፤ ከእንግዲህ ግን እዚህ ቤት አይምጣ።»

የኔነሽ ሃይማኖቱ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ትከራከር ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ ሼፍ ዳማውን ዘርግተው ለሁለቱም ወገን ራሳቸው ሲጫወቱ ስታያቸው፣ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ወሬው መጋላ ለመድረስ አልዘገየም። አንድ እሑድ ጠዋት የሼፍ በር ላይ የፈረስ ጋሪ ቆመና አዴ ዳሃቦ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። አሸዋ ሠፈር ጨርቅ የሚነግዱ፣ ቁመተ ረጅም፣ ንግግራቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው።

«አንቺ ነሽ ሼፍ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፤ ይግቡ።»

ገቡና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «የእኔ ልጅ የክርስቲያን ልጅ አያገባም። ይህን ልነግርሽ መጣሁ።»

«እኔም ልጄን ለእስላም አልድርም።»

«ተስማማን?»

«ተስማምተናል።»

ሁለቱም ለጠብ ተዘጋጅተው ነበር፤ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። የኔነሽ ሻይ በወተት አቀረበችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አዴ ዳሃቦ ሻዩን እየጠጡ ቤቱን ሲቃኙ ዓይናቸው የወታደር ልብስ ከለበሰው ልጅ ፎቶ ላይ አረፈ።

«ይሄ ማነው?»

«ልጄ ነው። ክፍሉ።»

«የት አለች?»

«አላውቅም» አሉ ሼፍ።

አዴ ዳሃቦ ብርጭቆውን አስቀመጡት። «እኔም ሴት ልጅ ነበረኝ። የአብዲ እናት። ባቡር ወሰዳት፤ ጅቡቲ አገባ፤ እዚያው ሞተ። ቀብሩን አላየሁም።»

«ምናልባት በእኔ ባቡር ይሆናል የሄደችው» አሉ ሼፍ ድምፃቸው ወርዶ።

«ምናልባት። አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? እንጀራሽ ነው።»

አዴ ዳሃቦ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «እውነቱን ልንገርሽ? ሐርላ መንደር የዘመዴን ልጅ ላጋባው አስቤ ነበር። እዚህ እንዲቀርልኝ። የአንቺ ልጅ ይዞት ፈረንሳይ ይገባል ብዬ ፈራሁ።»

ሼፍ ቀና አሉ። «እኔ ደግሞ የፈራሁት የእርስዎ ልጅ ይዟት ይጠፋል ብዬ ነው።»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት አዴ ዳሃቦ ናቸው። ሼፍ ሊያፍኑት ሞክረው አልሆነላቸውም።

«እንግዲያው ማንም አይሂድ» አሉ አዴ ዳሃቦ ዓይናቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ። «ትምህርቱን ይጨርስ። ከረሳት ረሳት፤ አላህ ፈርዷል። ከተመለሰ ድሬ ይኑር፣ እዚህ ይሥራ። የአንቺ ልጅ ከኔ ሃይማኖት አይግባ፤ የኔም ልጅ ካንቺ አይግባ።»

ሼፍ ልጃቸውን አዩ። «ሰምተሻል» አሉ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የልምምድ ዓመቱ አለቀ። ለገሃር፣ ሻንጣና ሰው በሚጋፋበት፣ አብዲቃድር እጇን ይዞ ቆመ። አማርኛው አሁን የድሬ ልጅ አማርኛ ሆኗል።

«ቃል ልግባልሽ» አላት።

«አትግባ።»

«ለምን አቦ?»

«ቃል ከገባህ ቃልህን ላለማጠፍ ስትል ትመጣለህ። እኔ የምፈልገው መምጣት አሰኝቶህ እንድትመጣ ነው።»

ሊመልስላት ሲል ፊሽካው ተነፋ። ዘሎ ወጣና በመስኮቱ እያያት ሄደ። ሼፍ ከልጃቸው ኋላ ቆመው ነበር። ክንዷን ይዘው ወደ ቤት መለሷት።

ለብዙ ወራት ሰላምታው አልተቋረጠም። ጅቡቲ ያለው ዘመዱ በባቡር ሠራተኞች አፍ ይልክላት ነበር፤ ደህና ነው፣ ፈተና ላይ ነው፣ ሰላም ብሎሻል እያለ። ግንቦት ካለፈ በኋላ ግን ዝም አለ። ክረምቱ ገባ፤ አሁንም ዝም። ቢሮ ውስጥ ጓድ ጉግሳ እንኳ አዝነው፣ «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ሌሊት በእግሩ ወደ ጅቡቲ በሚሾልክበት ዘመን ማን ከፈረንሳይ ተነሥቶ ወደዚህ ይመጣል?» አሏት። እሷም ሌት ተቀን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሼፍ አዲስ ልማድ አመጡ። የጅቡቲ ባቡር በሚገባበት ቀን ባርኔጣቸውን ያደርጉና «ነፋስ ልቀበል» ብለው ይወጣሉ። የኔነሽ የት እንደሚሄዱ ታውቃለች። ሲመለሱ ፊታቸውን አይታ ሳትጠይቅ ውሃ ትሰጣቸዋለች።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ግን ሲመለሱ ውሃ አልተቀበሏትም። በሩ ላይ ቆመው፣

«የኔ፣ እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ» አሉ።

ከኋላቸው አብዲቃድር ቆሟል። ከስቷል፤ ሸሚዙ በአቧራ ቡናማ ሆኗል።

«ፈቃድ ከልክለውኝ ነበር» አለ በሩ ላይ እንደቆመ። «ሥራ አግኝቻለሁ፤ የአንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የድሬ ወኪል ሆኜ። የመግቢያ ፈቃዱ ነው ወራት የፈጀው። ይሁን አይሁን ሳላውቅ ተስፋ ልልክብሽ አልፈለግሁም።»

«ዝም ከምትል አልሆነም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር» አለች የኔነሽ።

«አውቃለሁ። ሁለተኛ ዝም አልልሽም።»

«መምጣት አሰኝቶህ ነው?»

«ሌላ ምንም አላሰኘኝም።»

ሼፍ ዳማውን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲፈልጉም ሆነ ብለው ቆዩ።

ጋብቻው የተፈረመው በማዘጋጃ ቤት ነው። ምስክሮቹ ሼፍና አዴ ዳሃቦ ነበሩ። መዝጋቢው የሙሽራውን ፓስፖርት ገልብጦ አየና ብዕሩን አስቀመጠ። ለመውጫ ቪዛ ሲሉ የሚጋቡ ብዙ አይቷል።

«እንግዲህ ሙሽሪት መቼ ነው የምትሄደው?» አለ በጥርጣሬ።

ሼፍ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የሚሄድ ሰው የለም፣ ልጄ» አሉት። «ጻፍ፤ የመጣልን ነው ያለው።»