የሰገነት ሕግ

«በሰገነት ሕግ መሠረት» አለ ስጦታው ሰሌዳው ፊት ቆሞ ጠመኔውን እንደ አስተማሪ ከፍ አድርጎ፣ «ፓወሩ ኔጌቲቭ ከሆነ መልሱም ኔጌቲቭ ነው። ሁለት ፓወር ኔጌቲቭ ሦስት፣ ኔጌቲቭ ስምንት! አለቀ፣ ደቀቀ!»

የቡድኑ ልጆች ሳቁ። ሰገነት አልሳቀችም።

ሞጣ ውስጥ ባለው ትምህርት ቤታቸው ዘጠነኛ ክፍሎች የሚያጠኑት በአንድ ለአምስት ቡድን ነው። መሪዋ ሰገነት ናት፤ እሷ ያለችውን አምስቱ ሳይጠይቁ ይገለብጣሉ። ትናንት ያንን ሕግ ያስጠናቻቸው እሷው ነበረች። የሒሳብ ፈተናው ደግሞ ከዚህ እረፍት በኋላ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን መምህር ዓለምነህ ያጻፏቸውን የሁለት ፓወሮች በተርታ አየቻቸው፦ ፓወር ሦስት ስምንት፣ ፓወር ሁለት አራት፣ ፓወር አንድ ሁለት፣ ፓወር ዜሮ አንድ። ፓወሩ በአንድ በቀነሰ ቁጥር መልሱ ይገመሳል። እሷም ቀጠለችበት፦ ½፣ ¼፣ ⅛። እያነሰ ይሄዳል እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም። ሕጓ ስህተት ነበር።

የራሷን ወረቀት ብቻ አስተካክላ ብትሠራ ማን ያውቅባታል?

«እኔ ዛሬ እደፍናለሁ» አለች ንግስት። ንግስት በየሳምንቱ ስንቋን ተሸክማ ከገጠር የምትመጣ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። አባቷ «ዘንድሮ ከወደቅሽ ተመለሽ» ብለዋታል።

ሰገነት ተነሣች። «ስጦታው፣ ጠመኔውን አምጣው።»

«ምነው እመቤቴ?»

«ተሳስቻለሁ። እናንተንም አሳስቻለሁ።»

«ኧረ ጉድ! መሪያችን ከፈተናው በፊት ወደቀች በሉኛ!»

«ቀልድህን ተው፣ ደወሉ ሊደወል ነው» አለች ንግስት፤ ፊቷ ተለዋውጧል። «እንዴት ነው ታዲያ?»

ሰገነት 6x⁻² ብላ ጻፈች። «ኔጌቲቩ ያለው የx ፓወር ላይ ነው። ስለዚህ x ብቻ ከሰረዙ በታች ይወርድና ፓወሩ ፖዘቲቭ ይሆናል። ስድስቱ ንቅንቅ አይልም።» ከሥሩ 6/x² ጻፈች። «መልሱ ላይ የማይነስ ምልክት የሚባል ነገር የለም።»

ንግስት ሁለት ጥያቄ ሠራች። ሁለቱም ትክክል ሆኑ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሰጊ... እኔ እኮ ትናንት ለነፍቅረ ሥላሴ ቡድንም አስገልብጫቸዋለሁ።»

ፍቅረ ሥላሴ የክፍሉ አንደኛ ነው፤ ሰገነት ሁለተኛ። ቡድኑ ከግቢው ማዶ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጧል።

«ተይው ባክሽ» አለ ስጦታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እነሱ ቢሆኑ ይነግሩን ነበር?»

ሰገነት ግቢውን አቋርጣ ሄደች።

ፍቅረ ሥላሴ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ደግሞ ምን ልትሰልይ መጣሽ?»

«ደብተርህን ግለጥ» አለችው። «የትናንቱ ስህተት ነው። የኔ ስህተት።»