የቀያሹ ሁለት መኪኖች

ሟቹ ከብርማዋ መኪና ሥር በጀርባው እንደተኛ ነው፤ ከጉልበቱ በታች ብቻ ይታያል። መርማሪዋ ስትደርስ መካኒኩ እጁ በካቴና ታስሮ ከመኪና ቤቱ በር አጠገብ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ነኝ የገደልኩት» ይላል። ደግሞም ይለዋል።

ባልደረቦቿ ይህችን መርማሪ «ቀስ በሉ» ነው የሚሏት፤ ከአፏ የማትጠፋ ቃል ናት። የጣቢያው አለቃ ግን ቸኩሏል። ሰውዬው በገዛ አፉ ካመነ ምን ቀረ፣ ዛሬውኑ ፍርድ ቤት ይቅረብና ይለይለት ባይ ነው።

«እንዴት አድርገህ ነው የገደልከው?» አለችው ጎንበስ ብላ።

«ጠዋት ጠራኝ። ብርማዋን ከፊት አንሳልኝ፣ ሥሯን ማየት እፈልጋለሁ አለኝ። በክሪክ አነሳሁለት። የብረት መቆሚያዎቹ ጋራዥ ቀርተው ነበር፤ ‹እነሱን ሳላመጣ እንዳትገባ› ብዬው ሄድኩ። ስመለስ ክሪኩ ወርዷል። ሃያ ዓመት በሠራሁበት ክሪክ የሰው ነፍስ አጠፋሁ።»

«የክሪኩን እጀታ የት ተውከው?»

«እዚያው ክሪኩ ላይ እንደተሰካ።»

መርማሪዋ ገባች። ክሪኩ አልተንሸራተተም፣ አልተገለበጠም፣ ፈሳሹም አልፈሰሰም። በእጀታው ጫፍ የሚዞረው ማውረጃ ቁልፉ ግን ዞሯል። እጀታው ደግሞ ግድግዳው ላይ፣ ከመፍቻዎቹ ጎን፣ በሥርዓት ተሰቅሏል። መኪና የወደቀበት ሰው ተነሥቶ ዕቃ አይሰቅልም፤ ይህን በልቧ ያዘች። ለአለቃዋ አልነገረችውም፣ እሱ እንደሆነ ሰምቶ ዝም ማለት አልፈጠረበትም።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ወለሉን አየች። ከብርማዋ ሞተር ሥር መዳፍ የሚያህል ትኩስ ዘይት አለ። የሞተሩን ሆድ በነጭ መሐረብ ጠረገችው። መሐረቡ አቧራ እንጂ ዘይት አልያዘም።

ሟቹ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነበር። ባለፈው ዓመት ሁለት ያገለገሉ የባለሥልጣን መኪኖች ገዝቶ፣ አንዷን ሊያስቀር ሌላዋን ሊሸጥ፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ እየተፈራረቀ ሲነዳ ከረመ። ዕድሜ ልኩን ሲለካ የኖረ ሰው እንዲሁ በዓይኑ አይቶ አይወስንም። ሚስቱ እያለቀሰች የሚጽፍበትን ደብተር ለመርማሪዋ ሰጠቻት።

«ጥቁሯ፦ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ከቤትህ የወጣህ አይመስልህም፤ የመንገዱን ጉድጓድ አታሰማህም። ቤንዚን ስትጠጣ ግን አይጣል ነው። ባደረችበት ሁሉ ዘይት ታንጠባጥባለች። ብርማዋ፦ ወንበሯ ደረቅ፣ መሪዋ ከባድ፣ ነዳጇ ቁጥብ። ሥሯ የታጠበ ሳህን ነው፣ እስካሁን አንዲት ጠብታ አላየሁባትም። ልቤ ወደ ጥቁሯ፣ ኪሴ ወደ ብርማዋ።»

ከዚህ ሌላ የየቀኑ ኪሎ ሜትር ተጽፏል። መርማሪዋ አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እህቴ ዘንድ አድሬ ስመለስ ብርማዋ ስድሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምራለች። ማን ነዳት?» ይላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የትናንቱ ገጽ ደግሞ «የፊት መከላከያዋ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ነገ ሥሯን አያለሁ» ይላል።

«መኪኖቹ ትናንት የት የት አደሩ?» ብላ ሚስትየዋን ጠየቀቻት።

«የነገዋ ባለተራ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምታድረው። ዛሬ የጥቁሯ ተራ ነበር። ጠዋት እሷን ወደ ግቢ አወጣትና ብርማዋን ከኋላ ካደረችበት ወደ በሩ አመጣት፣ ብርሃን እንዲያገኝ መሰለኝ። ከዚያ እኔ ለደም ግፊቴ ክሊኒክ ሄድኩ።»

የሚስትየዋ ታናሽ ወንድም ፋርማሲ ነው የሚሠራው። ሲያወራ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች በመስመር ይደረድራል።

«ትናንት ሻይ ቤት ተገናኝተን ነበር» አላት። «ጋሼ ምን አለኝ መሰለሽ፣ ‹ብርማዋ ዘይት ማንጠባጠብ ጀምራለች፣ ነገ ሥሯ ገብቼ አያታለሁ።› አይ ጋሼ፣ መቼ ሰው ይሰማል። መካኒኩም ሆን ብሎ አላደረገውም።»

«ዛሬ ከአደጋው በፊት እዚህ መጥተህ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም። እትዬ ደውላልኝ ነው የመጣሁት። ፖሊሶቹም ከመኪና ቤቱ በር አላሳለፉኝም።»

መርማሪዋ ሁሉንም ግቢ ውስጥ ሰበሰበች። አለቃው ሰዓቱን ያያል።

«ቀስ በሉ» አለች። «ክሪኩ በራሱ አልወረደም። አንድ ሰው በእጀታው አውርዶት፣ ከዚያ እጀታውን በልማድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። መካኒኩ ቢሆን ‹አደጋ ነው› ለማለት እጀታውን ባለበት ይተወው ነበር። ከብርማዋ ሥር ያለው ዘይት ደግሞ የብርማዋ አይደለም። ጥቁሯ ናት እዚያ ያደረችው። ይህን ሟቹ ያውቃል፣ ሚስቱ ታውቃለች፣ መካኒኩ ያውቃል።» ወደ ፋርማሲስቱ ዞረች። «አንተ ብቻ አታውቅም። ቀያሹ ትናንት ‹ብርማዋ ታንጠባጥባለች› ሊልህ አይችልም። ትናንት ብርማዋ ከኋላ፣ ደረቅ ወለል ላይ ነበረች። እሷን ከዘይት በላይ ሊያያት የሚችለው ዛሬ ጠዋት እዚህ የቆመ ሰው ነው።»

«ተሳስቼ ሰምቼው ይሆናል» አለ። 

«ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ነርስ መንገድ ስትሻገር ገጭቶ የሮጠ ብርማ መኪና እስካሁን አልተገኘም። በዚያው ቀን ይህች መኪና ስድሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዳለች።» መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ ተመለከተች። «ትርፍ ቁልፉ ማን እጅ ነበር?»

ሚስትየዋ ወደ ወንድሟ ዞረች። ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት አምስት ዓመቱ ነበር። እሱ በዓይኑ ይለምናታል። ባልዲው ላይ የተቀመጠው መካኒክ አቀርቅሮ የታሰሩ እጆቹን ያያል። ዝም ብትል ይህ ሰው ባልሠራው ወንጀል እንደሚሄድ ገብቷታል።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች። «ለአንድ ቀን ብሎ ለመነኝ። ባሌ እንዳይሰማ ደበቅኩለት።»

«እትዬ» አለ ወንድሟ።

«ተናገር» አለችው እህቱ።

«ጠዋት ጋሼ ጠራኝ። ከሥሯ ሆኖ ከግጭቱ በኋላ ያስበየድኩትን ብረት አሳየኝ። ተወኝ ብዬ ለመንኩት። ዛሬውኑ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፣ ጠበቃ እይዝልሃለሁ፣ እስከ መጨረሻው ከጎንህ ነኝ አለኝ።»

«እየተናገረ ሳለ ነው ያወረድክበት?» አለችው መርማሪዋ።

ፋርማሲስቱ ሁለት እጆቹን አስጠግቶ ወደ አለቃው ዘረጋ። አለቃው የመካኒኩን ካቴና ፈታ። መካኒኩ ግን ከባልዲው አልተነሣም፤ «እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» እያለ አንዴ መርማሪዋን አንዴ ሚስትየዋን ያያል።

«አንተ አይደለህም ወንድሜ» አለችው ሚስትየዋ፣ እንባዋ እየወረደ። «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»