የንፋሱ ሦስተኛ ቀን

«እማ፣ ዛሬ የንፋሱ ስንተኛ ቀን ነው?»

ያስና ይህን ስትጠይቅ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ ሌላውን ጫማ በዓይኗ ትፈልግ ነበር። እናቷ ኤልሚራ ግን ቀኑን አልቆጠረችም። ከየት ትቁጠረው? እሷ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። በዚህ እሳተ ገሞራ ግርጌ ሃያ ሦስት ዓመት ስትኖር፣ ፑየልቼ የሚሉትን ከምሥራቅ የሚወርድ ሞቃት ንፋስ መፍራት እንጂ መቁጠር አልተማረችም። የተራራው ሰዎች ይቆጥሩታል። ፑየልቼ ወይ በአንደኛው፣ ወይ በሦስተኛው፣ ወይ በሰባተኛው ቀን ይቆማል፤ በሁለተኛው ቀን ቆሞ አያውቅም ይላሉ። ሲቆም ደግሞ ከምዕራብ ዝናብና ውሽንፍር ይከተላል፤ ዝናቡ የተቆለለውን በረዶ ይንደዋልና፣ ያን ጊዜ በረዶው ላይ የተገኘ ሰው ወዮለት!

«ሁለተኛው ነዋ!» አለ የያስና ወንድም ኤሊሴዎ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳዎቹን በሰም እያሸ። «ትናንት ጠዋት ጀመረ፣ ዛሬ እሑድ። በጣትሽ ቁጠሪያ፣ አስተማሪ ልጥራልሽ?»

«የአንተ አፍ ብቻ! ከጫፍ ስወርድ ታያለህ።»

ኤሊሴዎ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተራራው ላይ ሀገር ጎብኚዎችን የሚያወጡትን የገመድ ወንበሮች ያንቀሳቅሳል። አንድ ሀብታም ሰብሮ የጣለውን ሰሌዳ አንስቶ፣ ክረምቱን ሙሉ በማጣበቂያና በብሎን ሲጠግን ከርሞ ለእህቱ ሰጣት። ከጫፍ አብረው ሊወርዱ የተቀጣጠሩት ለዚህ እሑድ ነበር። ንፋሱ ግን ቀኑን አበላሸው፤ ወንበሮቹ ቆሙ፣ ጎብኚዎቹም ሰሌዳቸውን በመኪናቸው ጣሪያ ላይ አስረው እያጉረመረሙ ወረዱ። ለሠራተኞቹ ግን ዝግ ቀን በዓላቸው ነው። ሰሌዳቸውን በጀርባቸው አዝለው በእግር ይወጣሉ፤ ተራራው ያን ቀን የእነሱ ነው።

«ዝግ ነው ይላል እኮ ማስታወቂያው» አለች ኤልሚራ ቀስ ብላ። «ራሴ አነበብኩት።» ከመጋቢት ጀምራ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ያለ ማንም እርዳታ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ነበር።

«ጉድ ፈላ! ስንት የሚነበብ ነገር እያለ የኛን መከልከያ?» አለና ኤሊሴዎ ግንባሯን ሳማት። እሷም ልቧ እየፈራ ሳቀች። ዛሬ ያ ሳቅ ራሱ ያንገበግባታል...

አባታቸው ኦኖፍሬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በብረት መምጠጫው ይጠጣ ነበር። ከልጁ ጋር ከተነጋገረ ስምንት ወር ሆኖታል። ፍየሎቹን በበጋ ወደ ላይኛው ግጦሽ የሚነዳበትን የአባቶቹን መንገድ የበረዶ መንሸራተቻ መዝናኛው ባለቤቶች በሽቦ አጥረውበት፣ መንጋውን ለመሸጥ ተገዷል። በዚያው ወር ልጁ የእነዚያን ሰዎች የሠራተኛ ቀይ ጃኬት ለብሶ ገባ! ከዚያ ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል የሚያልፍ ቃል ሁሉ የሚያልፈው በኤልሚራ በኩል ነው። «ለልጅሽ ንገሪው፣ እንጨቱ ይፈለጥ።» «ለባልሽ ንገሪው፣ ተፈልጧል።» ስንት ቀን በመካከላቸው ቆማ የሁለት ግትሮችን ቃል ስታመላልስ አንጀቷ አልቆሰለም?

«አንቺ ኤልሚራ» አለ ኦኖፍሬ ዓይኑን ከእሳቱ ሳያነሳ፣ «ለልጅሽ ንገሪው...»

«አልነግርም!» ብላ ጮኸች። እሷም በራሷ ደነገጠች። «በቃኝ! አፍ አለህ፣ ልጅህም ይኸው ሁለት እርምጃ ላይ ቆሟል። ራስህ ንገረው!»

 ኤሊሴዎ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ፣ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ጠበቀ። አዎ፣ ጠበቀ! ኤልሚራ በዓይኗ አይታዋለች፤ ልጇ የአባቱን ድምፅ ተጠምቶ ነበር። የኦኖፍሬ ከንፈር ተከፈተ። ተመልሶም ተዘጋ።

«ምንም አይደል» አለ ለእሳቱ።

«ምንም ካልሆነ እንሂዳ፣ ያስና» አለ ኤሊሴዎ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።

ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። ኤልሚራ ሊጥ እያቦካች በመስኮት ትመለከታለች፤ ንፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ የኦኖፍሬ ማቴ በእጁ ላይ ቀዝቅዟል። ከዚያ በድንገት ንፋሱ ቆመ። ቆርቆሮው ዝም አለ። ውሻው እንኳ ከአልጋ ሥር ገብቶ አለቀሰ።

«ዓርብ ማታ ነው የጀመረው» አለ ኦኖፍሬ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ንፋስ የሚቆጠረው ከገባበት ማታ ነው። እነዚህ ልጆች መንጋ ነድተው አያውቁ፣ ከየት ያውቁታል... ዛሬ ሦስተኛው ነው።»

ኤልሚራ ሊጥ በነካው እጇ ስልኩን አነሳች። ከላይኛው ጫካ ወዲያ ስልክ እንደማይሠራ እያወቀች ደወለች፤ ደግማ ደወለች። ኦኖፍሬ ረጅሙን የቀርከሃ ዘንጉን አንስቶ ወጣ። እሷም በቤት ውስጥ ጫማዋ ተከተለችው። በመንገድ ላይ ሌሎቹ ሠራተኞች ሲወርዱ አገኟቸው። ደመናውን አይተው ተመልሰዋል። «ኤሊሴዎ የታለ?» ብላ ጮኸችባቸው። አንዱ አንገቱን ደፋ። «ሁለተኛው ቀን ነው፣ ገና ጊዜ አለን ብሎን... ከእህቱ ጋር ወደ ላይ ቀጠለ።»

ዝናቡ ሞቃት ነበር። ሞቃት ዝናብ በተቆለለ በረዶ ላይ! ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው በእግሯ ሥር ነው፤ ምድር ያቃሰተች መሰላት። ገደሉ ላይ የተቆለለው በረዶ ከመካከሉ ተሰንጥቆ፣ ዛፉንና ድንጋዩን ጠራርጎ ወረደ። ከዚያ በኋላ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ያስናን ከጫካው ዳር፣ እስከ ወገቧ በረዶ ውጧት አገኟት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ገፋኝ...» አለች። «ወደ ዛፎቹ ገፋኝ፣ እማ... እሱ ግን...»

«ኤሊሴዎ!» ብሎ ጮኸ ኦኖፍሬ። ከስምንት ወር በኋላ የልጁ ስም ከአፉ ወጣ! «ኤሊሴዎ! ኤሊሴዎ!» ዘንጉን በበረዶው ውስጥ እየወጋ፣ እየነቀለ፣ እንደገና እየወጋ ተጣራ። ሠራተኞቹም ተመልሰው መጥተው በሰሌዳዎቻቸው ቆፈሩ። ዘንጉ ለስላሳ ነገር የነካው ቀኑ ሊጨልም ሲል ነበር። አባት በጥፍሩ ቆፍሮ የልጁን ፊት አወጣ። ፊቱ የተኛ ሕፃን ይመስል ነበር፤ ትንፋሽ ግን አልነበረውም።

ኦኖፍሬ የልጁን ራስ በጭኑ ላይ አስቀመጠ። በረዶውን ከጆሮው በጣቱ ጠረገለት። ከዚያም ጎንበስ ብሎ «ሦስተኛው ነው፣ ልጄ...» አለው። «ከማታው ነው የሚቆጠረው... ሦስተኛው ነው፣ የኔ ልጅ...»

ኤልሚራ ቆማ አየችው። ያን ቃል ጠዋት እሷ ብታደርሰው ምን ነበረበት? እሱስ ራሱ ቢናገር ምን ይጎድልበት ነበር? አንድ አጭር ቃል፣ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት እርምጃ መሻገር አቅቶት ሰው ገደለ! ጎረቤቶች ሊያጽናኗት መጥተው ዕጣ ፈንታው ነው አሏት። ኤልሚራ እሺ አለቻቸው። ግን ዕጣ ፈንታ የሚሉት ነገር ከሰማይ ብቻ ይወርዳል? ወይስ አንዳንዱን እኛው በኩርፊያችን ምድጃ ዳር ተቀምጠን እናበስለዋለን? ይህን ዛሬም አታውቅም። በልጇ መቃብር ላይ የተጻፈውን ስም ግን ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብላ፣ ራሷ አነበበችው።

ኦኖፍሬ በታኅሣሥ ፈረሱን ጭኖ በተራራው መተላለፊያ ወደ ማዶው ሀገር ተሻገረ፤ ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አልነገረም። ያስና በመጋቢት አክስቷ ወዳለችበት የወደብ ከተማ ወረደች፤ በረዶ የሌለበት ቦታ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም አለች። ወደ ባሕሯ ትመለሳለች ብለው ሁሉም የጠበቁት ኤልሚራን ነበር። ኤልሚራ ግን እዚያው ቀረች።