ግቢ፣ ዝናብ ይመታሻል

ባታምኑኝ አልቀየምም። ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም፤ በሁለት እግሬ ቆሜ ያየሁት ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ጨለማ እንኳ አልነበረም... የክረምት ዝናብና ጉም ብቻ።

ቦታው መንደራችን ነው። ጃቫ ደሴት፣ ተራራው ወገብ ላይ ያለችው ንግለሶ።

ዋግያህ እባላለሁ። ያኔ የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ።

አባታችን ሲሞት የተወልን የካሳቫ ማሳ፣ ሃያ ሁለት የቅርንፉድ ዛፍና ቤቱን ነው። ቤቱን የሠሩት የአባቴ አያት ናቸው። ምሰሶው በዕድሜ የጠቆረ የቲክ እንጨት ነው፤ አንድ ሚስማር የለበትም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቤት እንደ ከብት ይሸጣል። መሬቱ ባለበት ይቀራል፣ ቤቱ ተፈትቶ በመኪና ተጭኖ ሌላ አገር ይቆማል።

ደንቡ ቤቱን ለመጨረሻ ልጅ ይሰጣል፤ እናትን የሚጦረው እሱ ነዋ። የእኛ መጨረሻ ወንድሜ ዳርሶኖ ነው።

ዳርሶኖ ክፉ ሰው አይደለም። ጣሪያው ሲያፈስ፣ እናቴ በአፈሩ ወለል ላይ ስትስል እያየ ሲብሰለሰል የኖረ ሰው ነው። አንድ የከተማ ሰው ቤቱን ሲወድለት፣ ሸጦ የጡብ ቤት ሊሠራላት አሰበ። ጠየቃት።

"ስሞት የፈለግከውን አድርግ" አለችው። "እስከዚያ ግን ምሰሶዬን እንዳትነካ።"

"እሺ እማዬ።"

ቃል ገባላት። እኔም ሰምቻለሁ።

ከዚያ በሁለተኛው ወር የእናቴ የዓይን ሞራ በሐኪም ተገፈፈ። ሐኪሙ በፋሻ አሰረላትና ለስምንት ቀን እንዳይፈታ አለ። እኔ ቤት ተኛች። ከእኔ ቤት እስከ እሷ ቤት ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ጅረቱን ተሻግሮ ነው።

በማግስቱ ዳርሶኖ ከፍየሎቹ በረት ጀርባ ጠራኝ።

"እትዬ... ነገ እናፈርሰዋለን" አለኝ በሹክሹክታ።

"ቃል ገብተህላት የለም እንዴ?"

"ሰውዬው አልታገሥም አለ። አንቺ ብቻ ዝም በይልኝ... የቅርንፉዱ ዛፍ በሙሉ ያንቺ ይሁን።"

ዝም አልኩ።

አላህ ይቅር ይበለኝ... ዝም አልኩ።

በማግስቱ የመንደሩ ወንዶች በሙሉ ወጡ። በእኛ አገር ቤት ሲፈርስም ሲሠራም የሚቀር የለም። ሻይ ይዤላቸው ወረድኩ። አንዱ ጣሪያው ላይ ሆኖ "ዳርሶኖ! ሚስት ካገኘህ ወዲህ እንዲህ ላብ ሲያጠምቅህ አይቼ አላውቅም!" ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ስመለስ እናቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች። ፊቷን ወደ ጅረቱ አዙራለች።

"ምንድን ነው የሚደበደበው?"

"ማርቶ ጣሪያውን እያስጠገነ ነው እማዬ" አልኳት፣ በጎረቤታችን አሳብቤ።



"የማርቶ ቤት ቀርከሃ ነው" አለች። "ይሄ የሚጮኸው ቲክ ነው።"

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችኝም። ያቀረብኩላትንም ምግብ አልቀመሰችም።

ማፍረሱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ ልብስ ከዝናብ አስገብቼ ስመለስ...

አልጋው ባዶ ነው።

ዓይኗ በፋሻ ታስሯል። ዝናቡ ይወርዳል። ጅረቱ ሞልቷል።

እየጮኽኩ ቁልቁል ሮጥኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ጅረቱን በምን እንደተሻገርኩ አላስታውስም።

ደረስኩ።

ቤቱ የነበረበት ቦታ ባዶ አፈር ሆኗል። ምሰሶዎቹ የቆሙባቸው አራት ድንጋዮች ብቻ ቀርተዋል።

መሐላቸው እናቴ ተቀምጣለች።

እግሯን አጥፋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንግዳ እንደምትጠብቅ።

"እማዬ!"

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "ምን ውጭ ይገትርሻል? ግቢ፣ ዝናብ ይመታሻል።"

ያኔ ነው ያየሁት።

ዝናቡ እሷን አይመታም።

ዙሪያዋን ውሃው አፈሩን እያፈላው ነው። እሷ የተቀመጠችበት ግን... ደረቅ ነው። ቀሚሷ ደረቅ ነው። ፋሻው ደረቅ ነው።

"ቀስ ብለሽ ግቢ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አባትሽ ተኝቷል።"

አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

አንድ እርምጃ ሄድኩ... ሁለት... ዝቅተኛው በር የነበረበት ጋ ስደርስ፣ ሳላስበው፣ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ።

ዝናቡ ተወኝ።

ከበላዬ የጣሪያ ሸክላ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሰማሁ። ቀና ብዬ አየሁ። ሰማይ ነው... ግራጫ ሰማይ ብቻ።

ከኋላዬም፣ ጓዳው ከነበረበት በኩል፣ ሰው በእንቅልፉ ሲተነፍስ ሰማሁ።

ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

ጩኸቴን የሰማው ዳርሶኖ እየሮጠ መጣ። በድንጋዮቹ መሐል አልፎ አጠገቤ ቆመ። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ።

እሱን ዝናቡ ይመታዋል።

ከፀጉሩ፣ ከአገጩ ውሃ ይወርዳል። እኔን አየኝ። እናቴን አየ። እጁን ወደ እኛ ዘረጋ... እጁ ላይም ዘነበበት።

"እትዬ..." አለኝ። "አስገቢኝ።"

"ግባ!"

"ገብቻለሁ እኮ!"

እናቴ ጆሮዋን አቀናች። "ማነው ውጭ የሚያለቅሰው?"

"ዳርሶኖ ነው እማዬ" አልኩ። "በሩን ክፈቺለት። እባክሽ..."

"በሩ የት አለ ብለሽ ነው ልጄ?" አለች። ቁጣ የለባትም። ያዘነ ድምፅ ነው። "እሱ አይደል እንዴ የሸጠው?"

ዳርሶኖ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

ያን ቀን ተሸክመናት ተመለስን። ከድንጋዮቹ እንደወጣች በአንድ አፍታ በሰበሰች። ሌሊቱን ትኩሳት ያዛት። ሐኪሙ ፋሻው ይፈታ ባለበት ቀን ቀበርናት።

ዳርሶኖ ከተማ ወርዶ ቤቱን መልሱልኝ ብሎ ሰውዬው እግር ላይ ወደቀ። አልሆነም። የጡቡ ቤት መሠረቱ እንኳ አልተቆፈረም። የቅርንፉድ ዛፎቹን እስከ ዛሬ አልለቀምኩም፤ የፈለገ ይለቅማል።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ዳርሶኖ የሚኖረው ከሚስቱ ወላጆች ጋር ነው። ዝናብ ሲጥል ግን ሥራውን ጥሎ እዚያ ባዶ ቦታ ይሄዳል። ሚስቱ ለምናው ለምናው ትታዋለች።

ባለፈው ወር እሷ ስለታመመች ልጠራው ወረድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር።

መሬት ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። እንደ ሕፃን አንገቱን ወደ ኋላ ጥሏል።

"ዳርሶኖ..."

ዞሮ አየኝ። ልብሱ ከላይ እስከ ታች ውሃ ጠጥቷል።

ፀጉሩ ግን ደረቅ ነው። በኮኮናት ዘይት ተቀብቶ፣ መሐሉ ተከፍሎ፣ ልክ እናቴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ስትልከው ታደርገው እንደነበረው ተበጥሯል።