ታጥቦ የሚመለስ ደም

ሰዓት ሠሪው ሁለት ጊዜ ከሞት አፋፍ ተመልሶ፣ አሁንም ሞት ደጃፍ ላይ ተኝቷል።

ደሙ በቀጭን ቱቦ ይወጣል፣ በማጣሪያው ያልፋል፣ ታጥቦ ወደ ገላው ይመለሳል። መርማሪዋ ሳታስበው ቱቦውን ነካችው። ይሞቃል። እጇን ሰበሰበች።

«ደሙ ውስጥ ያገኘነው የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የሚታዘዝ መድኃኒት ነው» አለ ሐኪሙ። «እሱ ደግሞ በሽታው የለበትም። ባጣራንለት ቁጥር ይነቃል፤ ከዚያ መልሶ ይሰምጣል።»

«ሥጋው ውስጥ የቀረው መድኃኒት ወደ ደሙ እየተመለሰ ይሆን?»

«እሱማ ጥቂት ይመለሳል። የአሁኑ መጠን ግን ከመጀመሪያው በልጧል። እዚሁ አልጋው ላይ የሚያጠጣው ሰው አለ።»

ጥርጣሬው እጮኛው ላይ ወደቀ። መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ታላቅ እህቱም፣ «እሷን ካወቀ ወዲህ ነው መልኩ የጠፋው» ብላለች። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ይህችው እህቱ ናት። በነቃ ቁጥር ሾርባ በማንኪያ ስታጎርሰው አንጀት ትበላለች።

እጮኛይቱ እንዳትገባ ተከለከለች። ሰውየው በማጣሪያው ነቃ። በማግሥቱ ግን ጭልጥ አለ።

ያን ቀን እህትየው ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። አረፋ ደፈቀች፤ እጅ እግሯ ተንፈራገጠ።

መርማሪዋ በቀጥታ መድኃኒት ቤቱ ሄደች።

«የእህቱን በሽታ ታውቂ ነበር?»

እጮኛይቱ አንገቷን ደፋች። «መድኃኒቷን በየወሩ ከእኔ ነው የምትወስደው። ለሰው እንዳልናገር አስምላኛለች። ኋላ እሱ በዚያው መድኃኒት ሲታመምም፣ የሰጠኋት እኔ ነኝና ፈራሁ።»

የእህትየው ደም ተመረመረ። መድኃኒቱ በጭራሽ የለበትም።

መርማሪዋ አጠገቧ ቁጭ አለች። «እትዬ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ደምዎ ውስጥ የለም። የት ገባ?»

ሴትዮዋ በመስታወቱ ማዶ የወንድሟ ደም የሚዞርበትን ቀይ ቱቦ አየች።

«ሾርባው ውስጥ።»

«ሊገድሉት?»

«ምን በወጣው!» ድምፅዋ የእሹሩሩ ያህል ለስልሶ ነበር። «አግብቶ ሊሄድ ነው እኮ። ልጅ ሳለ ሲታመም ከጉያዬ አይወጣም ነበር። ትንሽ እንዲታመምልኝ ብዬ ነው። እነዚህ ግን እያጠቡ ቀሰቀሱብኝ።»

አመሻሽ ላይ ሰዓት ሠሪው ነቃ። እጮኛው እጁን ይዛ ሁሉንም ነገረችው። የእህቱን በሽታ እንኳ እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር። ጣሪያውን አየ። ኋላ የደረቀ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አሁን መድኃኒቷን ወሰደች?»